ትንፋሽ ያጠረው አሞራ

የሥራ ጓደኞቹ አሞራው ይሉታል። ስሙ የወጣለት በክፋት አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰው ራስ በላይ ስለኖረ ነው። የክሬን ኦፕሬተር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መሰላሉን ይይዛል፣ አንድ መቶ ሰማንያ ሁለት እርከን ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ካለችው የመስታወት ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ምድርን የሚያያት በሁለት ጉልበቶቹ መካከል ነው። የክፍሏ ወለል መስታወት ስለሆነ የተንጠለጠለውን ዕቃ ለመከተል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ደረቱ ጉልበቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ማለት አለበት።

ታች ሆኖ በሬዲዮ የሚመራው ሰው ደግሞ በቀቀን ይባላል፤ ትእዛዝ ሁሉ ከአፉ የሚወጣው ሁለት ሁለት ሆኖ ነውና። "ቀኝ፣ ቀኝ። ዝቅ፣ ዝቅ። በቃ፣ በቃ።" አንድ ጊዜ ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ቢጠይቁት፣ "ሚስቴን ለትዳር ስጠይቃት መጀመሪያውን አልሰማችኝም፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ አላምንም" አለ። ከአሞራው በአሥር ዓመት ስለሚያንስ ጋሼ ይለዋል። ሁለቱ አብረው ከሠሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩ የጀመረው በምሳ ሰዓት ነበር። ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ አሞራው ምሳውን የሚበላው እዚያው ላይ ነው። የዚያን ቀን ሚስቱ የቋጠረችለትን ሩዝና ምስር ተቻኩሎ ጎረሰ፣ ውሃውን ጨለጠ፣ ከዚያም በቀቀን ስለጠራው ጎንበስ አለ። ትንፋሹ ቀጥ አለ። አላመመውም፤ ያስፈራውም እሱ ነው። ከጎድን አጥንቱ ሥር አንድ እጅ ገብቶ ወደ ላይ የገፋው ያህል ሆነና አየሩ ከጉሮሮው አላልፍ አለ። አፉን ከፈተ። አየር የለም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ረጅም ግሳት ወጣው፣ አየሩ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ተኛህ እንዴ? ተኛህ?" አለ በቀቀን በሬዲዮው።

"ሬዲዮው ነው፤ ባትሪው" አለ አሞራው። የመጀመሪያዋ ውሸት ይህች ነበረች።

ሌላ ሰው ቢሆን በልቼ ነው፣ ጠግቤ ነው ብሎ ይረሳው ነበር። አሞራው ግን የሚያስታውሰው ነገር ነበረው። አባቱ አናጢ ነበር። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ እሑድ ቀን፣ ምሳ እየበላ ሳለ ማንኪያውን ቀስ አድርጎ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና "አየር… መስኮቱን" አለ። መስኮቱ ተከፍቶ ሳያልቅ ሞተ። የመረመረው ሰው ባይኖርም ሁሉም ልቡ ነው አለ። አሞራው ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ መስኮቱን የከፈተውም እሱ ነው። አሁን ሃምሳ ሁለት ሆኖታል።

በወሩ መሰላሉ ረዘመበት። ድሮ አንዴ ብቻ ያርፍ የነበረው ሰው በየማረፊያው መቆም ጀመረ። ወገቡ ላይ የሚጠብቀውን የደህንነት መታጠቂያ በጣቱ ሳብ እያደረገ ይቆማል፤ ከታች ለሚያየው ከተማውን የሚቃኝ ይመስላል። በቀቀን ግን ዓይኑን ባያምን ጆሮውን ያምናል፤ ሬዲዮው የትንፋሹን ድምፅ ይዞ ይወርዳል።

"ጋሼ፣ እንደ አሮጌ መኪና ታቃስታለህ። ዘይት ይቀየርልህ፣ ዘይት።"

"አንተ ስታረጅ እናይሃለን" ይለዋል አሞራው እየሳቀ። ሬዲዮውን ሲዘጋ ግን ሳቁን ትቶ የቀሩትን እርከኖች ይቆጥር ነበር።

የሚፈራው መሞቱን ብቻ አይደለም። ክሬኑን የሚነዳበት መዘውር ሲለቁት ራሱን የሚያቆም ነው፤ ሰው እጁን ቢያነሣ ምንም አይመጣም። ነገር ግን ራሱን የሳተ ሰው መዘውሩን ለቆት ወደ ኋላ ይወድቃል ያለው ማነው? ጎንበስ እንዳለ ነው የሚወድቀው፤ በሙሉ ክብደቱ መዘውሩ ላይ። ከሥር ሰው አለ፤ ሁልጊዜ ሰው አለ። ይህንን ሐሳብ አንዴ አስቦት ከዚያ ወዲያ ከራሱ ሊያወጣው አልቻለም። ልናገር ቢል ደግሞ መሰላሉን ይከለከላል፤ ከመሰላሉ በቀር ምን ያውቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሚስቱ ማታ በተማሪዎቿ ደብተር ላይ ስትጽፍ ያያል፤ አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። አርባ ልጆች ባሉበት ክፍል ማን ከጀርባዋ እንደሚያንሾካሹክ የምታውቅ ሴት የባሏን ትንፋሽ ልታጣው አትችልም። አንድ ትራስ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ ሦስት ሆኑ። ጉሮሮውን የሚያቃጥል ኮምጣጣ ውሃ እየመጣበት ያስል ጀመር።

"አንተ ሰው፣ ተቀምጠህ ነው የምታድረው ወይስ ተኝተህ?" አለችው አንድ ጠዋት።

"አንገቴን አሞኝ ነው።"

"አንገትህ ነው የሚያስለው?"

እሷም ቀጠሮ አስይዛ፣ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ወስዳ፣ እጁን ይዛ ወሰደችው።

የሐኪም ቤቱ ወረፋ ላይ ሲቀመጥ የፈራው "ልብህ ነው" እንዳይሉት ነበር። ሽቦ ደረቱ ላይ ለጣጠፉ፣ ደም ቀዱ፣ በቱቦ አስነፉት፣ የደረት ፎቶ አነሡት። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ፈገግ አለ።

"ልብዎ የጎረምሳ ልብ ነው። ሳንባዎም ደህና ነው።"

"ታዲያ ትንፋሼን የሚወስደው ማነው?"

"ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ሥራዎ ከባድ ነው፤ ከፍታም አለው።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፍታ ላይ የኖረን ሰው ከፍታ አስጨነቀህ አሉት። ሚስቱ አመስግና ተነሣች፤ እሱ ግን ወረቀቶቹን ማየቱን ቀጠለ። ስም ያለው በሽታ ቢነግሩት ይሻለው ነበር። ስም ያለውን ነገር ሰው ይጠላዋል፣ ይጠነቀቀዋል፣ ይረግመዋል። ስም የሌለው ግን በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም። ቀጥሎ ያየው ሐኪም አስም ይሆናል ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠው። ሳበው፣ ሳበው፤ ልቡን ከማስደለቅ በቀር ምንም አልፈየደለትም። ልቡ በደለቀ ቁጥር ደግሞ የአባቱ ማንኪያ ይታየዋል።

ስድስት ወር እንደዚህ አለፈ። አንዳንድ ቀን ደህና ይሆናል፤ ያን ቀን ይባስ ይፈራል፣ ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለማያውቅ።

የቁርጡ ቀን ሐሙስ ነበር፤ ከምሳ በኋላ። ሰባተኛው ፎቅ ላይ አንድ ወጥ የኮንክሪት ደረጃ ሊያስቀምጡ ነው፤ ክብደቱ ከሁለት ቶን ይበልጣል። አምስት ሠራተኞች ቦታው ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ። አሞራው ዕቃውን አንሥቶ፣ አዙሮ፣ ከሰዎቹ ራስ በላይ አደረሰው። ጎንበስ አለ።

እጁ መጣ። ያው ከጎድን አጥንት ሥር የሚገፋው እጅ። በዚህ ጊዜ ግን ቀጥ ሲልም አልለቀቀውም። አንዴ ሳበ፤ አልገባም። ደግሞ ሳበ፤ በመርፌ ቀዳዳ የምታልፍ የምታህል አየር ገባች። የመስታወቱ ጠርዝ ግራጫ ሆነ፣ ግራጫው ወደ መሐል መጣ። አምስቱ ሰዎች ከሥሩ እንደ አምስት ቢጫ ክዳን ይታዩታል። እጁን ከመዘውሩ አነሣና ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ዕቃው አየር ላይ ቆመ፣ በቀስታ ይወዛወዛል።

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ዝቅ፣ ዝቅ!"

ባትሪው ነው ሊል አፉን ከፈተ። በዚያች ትንሽ አየር መዋሸት አልቻለም።

"ሰዎቹን… አስወጣ" አለ። "ትንፋሽ የለኝም።"

የበቀቀን ጩኸት ያለ ሬዲዮም ተሰማ። ሠራተኞቹ ተበተኑ፤ አንዱ ቆቡ ወድቆበት ሊያነሣ ሲመለስ ጓደኛው በእጁ ጎትቶ አስወጣው። ከዚያ የበቀቀን ድምፅ ተመለሰ፤ ለስልሶ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

"ማንም የለም ጋሼ። ማንም የለም። ባዶ ነው፣ ባዶ። ጎንበስ አትበል፣ እኔ አይልሃለሁ። ትንሽ ግራ። ትንሽ ግራ። ቁም። ተንፍስ። አሁን ዝቅ… ዝቅ…"

አሞራው ዓይኑን ጨፍኖ አወረደው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከሥራ ሜዳው ጥግ ባዶ መሬት ላይ ደረጃው ሲያርፍ ንዝረቱ በብረቱ በኩል እስከ ወንበሩ ድረስ መጣ። ማሽኑን ቆለፈ። ከዚያ በኋላ መነሣት አልቻለም።

በቀቀን ከፍታ ይፈራል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ማረፊያ አልፎ አያውቅም፤ ይህንንም ለማንም አይደብቅም ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች፣ የነፍስ አድን ሰዎች እስኪመጡ እንጠብቅ ሲሉ እሱ መታጠቂያውን አጥልቆ መሰላሉን ያዘ። በሩን ሲከፍት ፊቱ እንደ ኖራ ነጭቶ፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

"ወደ ታች አላየሁም፣ አላየሁም" አለ በመጀመሪያ። ቀጥሎ የአሞራውን ወገብ አየ። "ይሄ ቀበቶ እኮ አንቆሃል!" ብሎ ዘለበቱን ፈታለት፣ ደግፎም አቆመው። ግሳት ወጣው፤ ከግሳቱ በኋላ አየር ገባ። ሙሉ ባይሆንም ገባ። ሁለቱም ተደጋግፈው ቆሙ፤ አንዱ ከፍታውን፣ አንዱ ሞቱን እየፈራ። የነፍስ አድን ሰዎቹ ሲደርሱ ሁለቱንም በገመድ አሥረው፣ እርከን በእርከን አወረዷቸው።

ድንገተኛ ክፍል ዳግመኛ ሽቦ፣ ዳግመኛ ደም፣ ዳግመኛ "ልብዎ ደህና ነው"። ሚስቱ ከክፍሏ በቀጥታ መጥታ ነበር፤ ጠመኔው ከእጇ አልለቀቀም። በመጨረሻ የገባችው ሐኪም መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሌሎቹ ሁሉ "የት ያምዎታል?" ነበር ያሉት። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና "መቼ?" አለች።

"መቼ ማለት?"

"ትንፋሽዎ ሲቆረጥ ምን ሲሠሩ ነበር? በልተው ነበር? ቀጥ ብለው ወይስ ጎንበስ ብለው?"

አሞራው ነገራት። ምሳውን፣ ወንበሩን፣ መታጠቂያውን፣ ግሳቱን፣ ትራሱን። ሲያወራ እሱ ራሱ የማያውቀው ነገር እየተሰካካ መጣ።

"ጫማ ሲያስሩስ?"

አሞራው ሚስቱን አየ። "ማሰሪያ ያለው ጫማ ከተወ ሁለት ዓመት ሆነው" አለች ሚስቱ። "ፋሽኑ አልፏል ብሎኝ ነበር።"

ሐኪሟ የደረቱን ፎቶ መብራቱ ላይ ሰቀለችና ከልቡ ጥላ ኋላ ያለች አንዲት ክብ ነገር በእስክሪብቶ ከበበቻት።

"ይህች አየር ናት። ከሥሯ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ደግሞ ፈሳሽ ነው። ምሳዎ ይመስለኛል።"

"ምሳዬ?"

"ጨጓራዎ ነው። ከግማሽ በላዩ ወደ ላይ ወጥቶ ደረትዎ ውስጥ ተቀምጧል።"

"ጨጓራዬ ደረቴ ውስጥ ምን ሊሠራ ሄደ?"

"እንደ ባለቤቱ ከፍታ ወዶ ነዋ፤ ከፍታ ወዶ" አለ በቀቀን ከበሩ ሥር። ሚስቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ።

በማግሥቱ እንደ ኖራ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ አጠጥተው መሣሪያ ፊት አቆሙት፤ የጠጣው ነገር መውረድ ሲገባው ደረቱ ውስጥ ተይዞ፣ ወደ ጎን ታጥፎ ሲቀር በዓይኑ አየ። ሃያተስ ሄርኒያ ይባላል አለችው ሐኪሟ። ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ ምግብ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ጨጓራ ይሾልካል። ሲሞላና ሰውየው ሲጎነበስ ሳንባን ይጫናል፣ ልብንም ይገፋል። በፊተኛው ሐኪም ቤት በተነሣው ፎቶ ላይም ክቧ ነበረች፤ የፈለጋት አልነበረም።

ስም ካገኘ ፍርሃቱ የሚለቀው መስሎት ነበር። ሐኪሟ ግን ሐቀኛ ሴት ናት። "የትንፋሽዎ ነገር ሁሉ ከዚህ ነው ብዬ አልምልልዎትም" አለች። "ብዙው ይመስለኛል። ቀሪውን አላውቅም።" ደግሞ ሊጠማዘዝ እንደሚችል ነገረችው፤ ብዙ ጊዜ እንደማይሆን፣ ከሆነ ግን ድንገት የሚወጋ ሕመምና ምንም የማይወጣው ማቅለሽለሽ እንደሚመጣ፣ ያኔ ሰዓት ሳያባክን እንዲመጣ። ቀዶ ጥገና አለ። አሞራው "ላስብበት" አለ።

ስምንት ወር አሰበበት። መሰላሉን ከለከሉትና የገመድና የመንጠቆ መጋዘን ውስጥ አስገቡት፤ የተበላሸ ክር የሚፈልግበት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል። ሚስቱ የአልጋውን ራስጌ በእንጨት ከፍ አደረገችው። ቀበቶ ትቶ ማንገቻ አደረገ። በቀን ስድስት ጊዜ የልጅ ሳህን በምታህል ይበላል፤ ሲበላም መስኮቱ ክፍት ነው። ብርድ ቢሆንም፣ ዝናብ ቢገባም ክፍት ነው። አንድ ቀን ሚስቱ ዘጋችው።

"ክፈቺው!" ብሎ ጮኸባት። በሃያ ስድስት ዓመት ጮኾባት አያውቅም። ማንኪያውን ጨብጦ ይዞታል፤ ማስቀመጥ የፈራ ይመስል። እሷም መስኮቱን ከፍታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ታላቅ እህቱ ልትጠይቀው የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። በዕድሜ ስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ እትዬ ይላታል። ራስጌው ከፍ ያለውን አልጋ አይታ ቆመች።

"አባባም እኮ እንደዚህ ነበር የሚተኛው" አለች። "ሁለት ጣውላ ከሥሩ ያደርግ ነበር። አንተ ልጅ ስለነበርክ አታስታውስም።"

አሞራው ወደ እሷ ዞረ። "ምን አልሽ እትዬ?"

"በልቶ ጎንበስ አይልም ነበር። ጫማውን የማስርለት እኔ ነበርኩ። የአናጢ ወገብ ነው ይል ነበር።"

ሠላሳ ስድስት ዓመት የአባቱን ልብ ሲፈራ ኖሮ፣ የፈራው ልብ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ማን ያውቃል? አባቱ አልተመረመረም፤ አሁን የሚመረምረውም የለም። አሞራው ግን ከእህቱ ፊት ተነሥቶ ስልኩን ወሰደና ለሐኪሟ ደወለላት። "እፈራለሁ" አላት። "ግን ቀኑን ንገሪኝ።"

የቀዶ ጥገናው ጠዋት ተንከባላዩ አልጋ ላይ በጀርባው አስተኝተው ሲገፉት፣ ትራስ ስላልነበረው ትንፋሹ ወዲያው አጠረ፤ "ቀና አድርጉኝ!" ብሎ የአንዱን ነርስ ልብስ ጨመደደ። ነርሱ አልተቆጣም። ራስጌውን ከፍ አድርጎ፣ "እስክትተኛ ድረስ አልለቅህም፤ ጨምድደኝ" አለው። እንደጨመደደው እንቅልፍ ወሰደው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጨጓራውን ወደ ቦታው አውርደው ቀዳዳውን ሰፉት። ለአምስት ሳምንት ሾርባና ገንፎ ብቻ፤ ከዚያ ለስላሳ ድንች፤ ከዚያ ዳቦ። በስድስተኛው ሳምንት ቤቱ ካለበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አንዴ ብቻ አርፎ ወጣ። ድሮ አራቴ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን ጠራት፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ ደግሞ አሠረላት። ደስታዋን መግለጽ አቅቷት "የተማሪ ነው የሚመስለው አስተሳሰርህ" አለችው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ ያለ ምሳና ያለ ጎንበስ ትንፋሹ ይቆረጣል። ሐኪሟ ደግማ ፈትሻዋለች። ስፌቱ ደህና ነው፣ ልቡ ደህና ነው፣ ሳንባው ደህና ነው። "ይህኛውን አላውቀውም" አለችው ዳግመኛ። ወደ ክሬኑ አልተመለሰም፤ እንዲመለስ ሲጠይቁትም እንቢ ያለው እሱ ነው። አሁን አዳዲስ ኦፕሬተሮችን ከመሬት ሆኖ ያሠለጥናል።

ባለፈው ሰኞ ወደ ሥራ ሲሄድ ዳቦ ቤቱ ጥግ፣ ዳገቱ መሐል ላይ መጣበት። ሰው በግራና በቀኝ ያልፋል። አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ በሌላው ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሚስቱ ክፍል ልትገባ ነበር፤ ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

"ቆሜያለሁ" አላት።

"የት?"

"ዳቦ ቤቱ ጋ።"

"እሺ፣ ቁም። መጀመሪያ አስወጣው፣ ከዚያ ሳብ። እየሰማሁህ ነው።"

አስወጣ። ሳበ። ትንሽ ገባ። ደወሉ ከስልኩ ውስጥ ሲደወል ሰማ፣ ልጆቹ ሲሮጡ፣ በር ሲዘጋ። እሷ ግን ስልኩን አልዘጋችም። የፈራ መሆኑን አልደበቃትም፤ እሷም እንዳልፈራች አላስመሰለችም። ከአራት ደቂቃ በኋላ "አሁን ልሂድ" አላት፤ "ስትደርስ ደውል" አለችው፤ ዳገቱንም ቀስ ብሎ ወጣ።